ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት፦ ጎረምሳ ልጅ፣ ኢንተርኔትና የቤት ጨዋታ በወሎ

አማካሪ_ዘደሴ (የክሩ ጀማሪ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን «ልጄ ስልክ ላይ ያድራል፣ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። መልሱም ብዙ ጊዜ «ቀምተሽ ቆልፊበት» ነው። የመቀማት መጨረሻው ግን ይታወቃል። ልጁ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን የጓደኛው ስልክ ላይ ነው፤ ወይም የኪስ ገንዘቡን አጠራቅሞ አሮጌ ቀፎና ሁለተኛ ሲም አግኝቷል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚያይ ቀርቶ ስልክ እንዳለውም አታውቁም። ስለዚህ ቅደም ተከተል እንያዝ፤ የሙያው ሰዎች ደግሞ የጎደለውን ሙሉበት።

ከሌሊቱ ጀምሩ። በቀን ስንት ሰዓት ያያል የሚለውን ለጊዜው ተዉት። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የጉርምስና ሰውነት በራሱ እንቅልፉን ወደ ሌሊት ይገፋዋል፤ ይህ ስንፍና አይደለም። በዚያ ላይ የስክሪን ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን ያዘገያል፣ ቪዲዮው ማለቂያ የለውም፣ የሌሊት ጥቅል ደግሞ ከቀኑ ይረክሳል። ይህ ሁሉ ሲደመር ልጁ ሌሊት 8 እና 9 ሰዓት ድረስ ይነቃል። በማግስቱ የምታዩት ቁጣ፣ መነጫነጭና ከሰው መሸሽ ብዙ ጊዜ የእንቅልፍ ማጣት ውጤት ነው እንጂ የጠባይ መበላሸት አይደለም። እንቅልፉ ሳይስተካከል የሚሰጥ ምክር ጆሮ አይገባም።

ሕጉ አንድ ይሁን፦ ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ስልክ መኝታ ክፍል አይገባም። የልጁም፣ የአባትም፣ የእናትም። ቻርጀሮቹ በሙሉ ሳሎን አንድ ቦታ ይቀመጡ። ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት የሚነሳ ልጅ ቢያንስ 8 ሰዓቱን ያገኛል። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከዚህ መውረድ የለበትም።

ሕጉ የሚፈርሰው በትንንሽ ነገር ነው። «ማንቂያ ደወሌ ስልኩ ላይ ነው» ይላል፤ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙለት። «መብራት ሲመጣ ቻርጅ ላድርገው» ይላል፤ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ሳሎን ይደር፣ መብራት በመጣ ጊዜ ራሱ ይሞላል። ከሁሉ የከፋው ግን አባት «ከሥራ ሊደወልልኝ ይችላል» ብሎ የራሱን ይዞ ሲገባ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳሎን ይተወው፤ ከደወለ ይሰማል። ትልቁ ሰው ያልጠበቀውን ሕግ ጎረምሳ አይጠብቅም፤ ዕድሜው ራሱ ፍትሕ የሚመዝንበት ነው።

ሌሊቱ ሁለት ሳምንት ያህል ከረጋ በኋላ ወደ ቀኑ ሂዱ። አንድ ሳምንት ምንም ሳትቀንሱ ለኩ፤ ስልኩ ራሱ ይቆጥራል። ቁጥሩን አብራችሁ እዩት፣ «አየህ!» ሳትሉ። ከዚያ በሳምንት 30 ደቂቃ ያህል፣ ልጁ ራሱ ከመረጠው አንድ አፕ ላይ ቀንሱ። በአንድ ጊዜ ከ6 ሰዓት ወደ 1 ሰዓት ያወረዱት ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይቆጣል፣ ይቁነጠነጣል፣ ምግብ ይገፋል፤ ወላጅም ደንግጦ ይመልስለታል። አንዴ እንዲህ ከሆነ ልጁ የሚማረው መቆጣት እንደሚሠራ ነው።

ፈረቃ የሚማር ልጅ ግማሽ ቀኑ ባዶ መሆኑን አትርሱ። ስልኩ የገባው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ሰዓቱን ሳትሞሉ ስልኩን ብታወጡ ቦታው ባዶውን አይቀመጥም።

ጥገና_ፒያሳ

እህታችን ሌሊቱን ማስቀደምሽ ልክ ነው። እኔ በስልኩ በኩል ያለውን ልጨምር።

አንድሮይድ ከ9ኛው ስሪት ጀምሮ «ዲጂታል ዌልቢይንግ» የሚባል ማስተካከያ አለው። ሴቲንግ ውስጥ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። በየአፑ የታየበትን ሰዓት፣ ስልኩ በቀን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ ስንት ማሳወቂያ እንደመጣ ያሳያል። እዚያው «አፕ ታይመር» (ለአንድ አፕ የቀን ገደብ የሚያስቀምጠው) እና «ቤድታይም ሞድ» (በመኝታ ሰዓት ስልኩን ጸጥ የሚያደርገው) አሉ። ሰዎች ሦስት ቦታ ላይ ይሳሳታሉ።

አንደኛው ሰዓቱ ነው። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ማታ 3 ሰዓት ለማለት 21፡00፣ ጠዋት 12 ሰዓት ለማለት 06፡00 ሙሉ። ብዙ ወላጅ በእኛ ሰዓት አስቦ 3፡00 ይሞላል፤ ያ ለስልኩ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ከዚያ «አልሠራም» ይባላል።

ሁለተኛው፣ የአፕ ታይመር የሚታደሰው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት። 2 ሰዓት የተፈቀደለት ልጅ ማታ ጨርሶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን አዲስ 2 ሰዓት ያገኛል። ታይመር ብቻውን ሌሊቱን አይጠብቅም ማለት ነው። ቤድታይም ሞድ አብሮ ይሞላ፤ ስልኩም ሳሎን ይደር።

ሦስተኛው፣ ይህ ሁሉ የይለፍ ቃል የለውም። ልጁ በሁለት ንክኪ ያጠፋዋል። ስለዚህ የስምምነት መሣሪያ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም። ቁልፍ ከፈለጋችሁ የጉግል «ፋሚሊ ሊንክ» ነው፤ ወላጅ የልጁን ስልክ ከራሱ ስልክ ሆኖ የሚቆጣጠርበት አፕ።

ስለ ቲክቶክ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አብዛኛው ወላጅ አያውቀውም። ቲክቶክ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ አካውንት በራሱ የ60 ደቂቃ ገደብ ያስቀምጣል፤ ሲያልቅ ለመቀጠል የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል። ከ13 እስከ 15 ላሉት ደግሞ የግል መልእክት ዝግ ነው። የእኛ ልጆች ጋ ግን ይህ አይታይም። ምክንያቱ የልደት ዓመቱ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2010 ወይም 2011 ብሎ መሙላት ሲገባው የሚያውቀውን 2003 ይሞላል። ማሽኑ 7 ወይም 8 ዓመት ጨምሮ ያየዋል፤ የ15 ዓመቱ ልጅ የ22 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ይመዘገባል። ሳይዋሽ ጥበቃው ሁሉ ይነሳበታል። የጉግል አካውንትም እንዲሁ ነው። ቲክቶክ ላይ ልደቱ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ በቀላሉ አይቀየርምና ከልጁ ጋር ተቀምጦ በትክክለኛው ዓመት አዲስ አካውንት መክፈት ይሻላል።

መምህር_ኩታበር

ምክሩ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን በአንድ ነገር እለያለሁ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ በፈተናው ዓመት ዳታ ያለው ስልክ አያስፈልገውም። 30 ደቂቃ በ30 ደቂቃ እያሉ መቀነስ ለሌላ ዓመት ይቆይ።

«መጽሐፉ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ነው» የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አይደርስም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። አሮጌ ቀፎ ወይም ታብሌት አዘጋጁ፣ ሲም አይኑረው። ወላጅ በራሱ ስልክ ከቴሌግራም ያውርድ፣ በብሉቱዝ ወይም በሜሞሪ ካርድ ያሻግርለት። የሁሉም ትምህርት መጻሕፍትና ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች በትንሽ ሜሞሪ ካርድ ይገባሉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ለምሳሌ፣ አዲስ የወጣውን ያሻግሩለት። አንድ ምዕራፍ እያነበበ ማሳወቂያ የሚያቋርጠው ልጅ ገጹን ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ይህ ዋጋ ያስከፍላል፤ ሐሳቡ ተያይዞ የሚሄድ ነውና።

አማካሪ_ዘደሴ

ጋሼ፣ ሲም የሌለው ታብሌት የሚለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ክሩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ ለፈተና ልጅ የሚጠቅመው እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። የክፍሉ ልጆች የሚጠያየቁት፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያም የሚመጣው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጨርሶ የወጣ ልጅ ከጓደኞቹ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ቂሙ ከወላጅ ጋር ይሆናል። በቀን አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ 30 ደቂቃ፣ ሳሎን ውስጥ ቢከፍትስ?

ቴሌግራሙም ይጽዳ። በፕራይቬሲ ውስጥ «ግሩፕና ቻናል» የሚለውን «ስልኬ ውስጥ ያሉ ብቻ» አድርጉት፤ ማንም ተነስቶ ወደማይታወቅ ግሩፕ አይጨምረውም። የትምህርት ግሩፖቹን በአንድ ፎልደር ሰብስቡ፣ ሌላውን ሁሉ ድምፁን አጥፍታችሁ አርካይቭ አድርጉ። ዳታና ማከማቻ ውስጥ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዝጉ፤ ጥቅሉም ይቆጥባል።

ዩቲዩብ ለትምህርት የሚጠቀም ከሆነ «አውቶፕሌይ» (ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚከፍተው) ይጥፋ። የታየውን ታሪክ አጥፍታችሁ መመዝገቡን ብታቆሙ መነሻ ገጹ ባዶ ይሆናል፤ ልጁ የሚያየው ፈልጎ የጻፈውን ነው። ይህች አንዲት ማስተካከያ ከብዙ ቁጣ ትበልጣለች።

ኡሙ_ሐናን_ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ፣ ሰላም ለሁላችሁ። ወሎ ላይ ሆናችሁ ስትጽፉ አንድ ትልቅ ነገር ዘለላችሁ። ከወሎ ስንት እናት ነው ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤይሩት ያለው? ልጁን የምታሳድገው አያት ናት። ስልኩን የላከችው እናቱ ናት። በኢሞና በዋትሳፕ የእናቱን ፊት የሚያየው በዚያው ስልክ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ «ስልኩን ቀሙት» ማለት እናቱን ቀሙት ማለት ነው። ቁጣውም ከሌላው ልጅ ቁጣ ጋር አይወዳደር።

ከሩቅ ሆኖ ምን ይደረጋል? ፋሚሊ ሊንክ አለ፤ ግን ጉግል ወላጅና ልጅ አንድ አገር እንዲሆኑ ይጠይቃልና የእናት አካውንት በሌላ አገር ከተመዘገበ ላይገናኝ ይችላል። ከተገናኘ ግን፦ እናት ጅዳ ሆና የልጇን የመኝታ ሰዓት ትሞላለች፣ አዲስ አፕ ስትጠየቅ ትፈቅዳለች ወይም ትከለክላለች፣ ስንት ሰዓት የት እንደዋለ ታያለች። ሳዑዲና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ የዱባይዋ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። አያት ከልጁ ጋር አትጨቃጨቅም፤ «እናትህ ናት የዘጋችው» ትላለች፣ የእሷ ድርሻ ቡናዋና ዱዓዋ ይሆናል። ለአያትም ለልጁም ይህ እረፍት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናት በራሷ ስልክ አፑን ታወርዳለች፣ በራሷ የጉግል አካውንት ትገባለች። ልጁ ጋ በትክክለኛ ልደቱ የተከፈተ አካውንት ይኑር (የጥገና_ፒያሳን ማስጠንቀቂያ አንብቡ)። በቪዲዮ እየተያዩ፣ ልጁ ስልኩ ላይ የሚመጣውን ማረጋገጫ ይቀበላል። ይህን በግድ አታድርጉት። «እንቅልፍህን ከዚህ ሆኜ ልጠብቅ» ብላችሁ አስረዱት።

ልብ በሉ፦ አፑ መልእክት አያነብም፣ ቴሌግራም ውስጥ ምን እንደተባለ አያሳይም። ደግሞም ልጁ ስልክ ላይ ዳታ ከሌለ ዛሬ የቀየራችሁት ዛሬ አይደርስም፤ መስመር ሲያገኝ ነው። ቀድሞ የደረሰው ሕግ ግን ያለ ዳታም ይሠራል። ስለዚህ የመኝታ ሰዓቱን አንዴ በደንብ ሞልታችሁ ተዉት፣ በየቀኑ አትነካኩት።

ሌላው ገንዘቡ ነው። ናፍቆታችንን በካርድና በጥቅል እንወጣለን፤ ልጁ «እማ ዳታ አለቀብኝ» ሲል እዚያው እንልካለን። ይህን አቁሙ እህቶቼ። የወሩ ለአያት ይላክ፣ ጥቅሉን እሷ ታስገዛለት፣ የሳምንት እንጂ የወር አይሁን፣ ያልተገደበውም አይሁን። ጥቅል ሲያልቅ ሳምንቱ እስኪሞላ ይጠብቃል።

የጥሪ ሰዓት ደግሞ ይቆረጥ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ የታወቀ ሰዓት፣ በአያት ስልክ፣ አያት ባለችበት። ልጁ «መቼ ትደውል ይሆን» እያለ ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዞ እንዳይቀመጥ። ስትደውሉም «ተማርክ? በላህ?» ብላችሁ አትዝጉ። ምሳ ምን እንደተሠራ፣ ጎረቤት ማን እንደታመመ፣ ኳሱ ማን እንዳሸነፈ ጠይቁ። የቤቱ ሰው የሚያወራውን አውሩ።

ሲስተር_ኮምቦልቻ

ኡሙ ሐናን፣ አላህ ይስጥሽ፤ የጻፍሽው ለብዙ ቤት ይደርሳል።

እኔ ከአእምሮ ጤና በኩል አንድ ነገር ላጥራ። «የኢንተርኔት ሱስ» የሚባለው በአጠቃላይ እንደ አንድ በሽታ አልተመዘገበም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የገባው የጌም መታወክ ነው። መለያው ሦስት ነው፦ ልጁ መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ጌሙ ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ይቀድማል፤ ጉዳት እያየም ይቀጥላል ወይም ይጨምራል። ይህም ብዙውን ጊዜ 12 ወር ያህል የዘለቀ፣ ትምህርቱንና ቤተሰቡን በግልጽ ያናጋ መሆን አለበት። ስለዚህ ክረምቱን ቲክቶክ ላይ ያሳለፈን ልጅ ሁሉ «ሱሰኛ» አትበሉት። ስሙ ከተለጠፈበት በስሙ ይኖራል።

ከሰዓቱ ይልቅ ከምን እንደሚሸሽ ተመልከቱ። ድብርት፣ ጭንቀት፣ የትኩረት መታወክ ያለበት ልጅ ስልክ ላይ ሊደበቅ ይችላል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ጦርነቱ አለ። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሆነውን ሕፃን ሆነው ያዩ፣ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ልጆች ዛሬ ጎረምሶች ናቸው። ሲተኛ ቅዠት የሚመጣበት ልጅ መተኛት ይፈራል፤ ስልኩ ሌሊቱን የሚያሻግረው ነው። የእንዲህ ያለውን ስልክ መውሰድ ከቅዠቱ ጋር ብቻውን መተው ነው። ጠይቁት፦ «ስትተኛ ምን ይመጣብሃል?» በጨለማ የሚነቃ፣ የሚጮህ፣ በከባድ ድምፅ የሚደነግጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚታከመው እሱ ነው።

ወደ ሕክምና የሚያስወስደው ምንድን ነው? ሁለት ሳምንት ያህል ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት፣ ምግብና መታጠብ መተው፣ ለጌም ወይም ለውርርድ ብሎ ከቤት ገንዘብ ወይም ዕቃ ማውጣት፣ ስልክ ሲከለከል ሰው መምታት። ስለ ሞት ማውራት ወይም ራስን መጉዳት ካለ ግን ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት፣ ብቻውን አትተዉት። የደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ለዚህ ችግር ተብሎ የተሠራ ክኒን የለም፤ የሚሠራው የንግግር ሕክምና ነው፣ ቤተሰቡም አብሮ ሲገባ። ድብርቱ ካለ እሱ በራሱ መድኃኒት ሊፈልግ ይችላል። ጸበሉንም ዱዓውንም አትተዉ፤ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል።

አያ_ባቲ

የውርርዱን ነገር ሲስተር ነካ አደረገችው፤ እሱን ዘርዝሩልን እስቲ። ያ ሳንቲም መንካቱስ?

ጥገና_ፒያሳ

አያ፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

የቴሌግራም ሳንቲም፣ ስክሪኑን በመንካት ሳንቲም የሚሰበሰብበት ጨዋታ፣ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ኖትኮይን፣ ከዚያ ሃምስተር ኮምባት እያለ የመጣው ነው። ሃምስተሩ የተሠራው ልጁን ለማመላለስ ነበር፦ በየሰዓቱ የሚጠራቀመው ገቢ 3 ሰዓት ሲሞላው ይቆማል፤ እንዲቀጥል ተመልሶ መክፈት ግድ ነው። በየ3 ሰዓቱ ሌሊትም መንቃት እንደሚያመጣ ይታያችኋል። አሁንም በሌላ ስም ተመሳሳዩ ይመጣል። ልጁን «ሞኝ ነህ» አትበሉት፣ ገንዘብ ፈልጎ ነው። ቁጭ ብላችሁ የሰጠውን ሰዓትና ያገኘውን ብር አብራችሁ አስሉት። ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

ውርርዱ ግን ሌላ ነው፤ እውነተኛ ገንዘብ ይበላል። ልጁ በራሱ ስም ስለማይችል የታላቅ ወንድም ወይም የአጎት አካውንት ይጠቀማል። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራችሁን ዛሬውኑ ቀይሩ፣ የልደት ዓመትም አታድርጉት፣ ቀድሞ የሚሞክረው እሱን ነው። የቴሌብር መልእክቶችን ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩ፦ ትንንሽ ብር፣ በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ፣ ይልቁንም ቅዳሜና እሑድ ኳስ ባለበት ሰዓት ከወጣ ምልክቱ ይህ ነው። መልእክቱ ተሰርዞ ካገኛችሁት አፑ ውስጥ የግብይት ዝርዝሩ አለ።

እትዬ_ሐይቅ

ልጆቼ፣ የምትጽፉትን ሁሉ አነበብኩ፤ አላህም እግዜርም ይባርካችሁ። ስልኩን ተናገራችሁ፣ የቤቱን ጨዋታ ግን ማን ይናገር? ልጅ ከስልክ ቀና ሲል የሚያገኘው ሰው ከሌለ ተመልሶ ያቀረቅራል።

ቡና አለን አይደለም ወይ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ከማጠቡ እስከ ሦስተኛው አንድ ሰዓት ይሞላል። ወሎ ላይ ጎረቤት ይጠራል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ የታመመ ይጠየቃል። ታዲያ ዛሬ ቡናው ላይ የተቀመጠው ትልቁ ሰው ሁሉ ቲክቶክ ይከፍታል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፣ የሚያወራ የለም። እኛው ነን ያፈረስነው። ቡናው ሲቆላ ስልኩ ሁሉ ከረከቦቱ ራቅ ብሎ አንድ ሌማት ላይ ይቀመጥ፣ ድምፁ ሳይጠፋ። የሚደወልለት ተነስቶ ያንሳ፣ ጨርሶ ይመለስ።

ሌላው፣ ወንዱን ልጅ ከቡናው አባርረነዋል። መቁላቱም መቅዳቱም የሴት ነው ብለን ለእሱ ሥራ አልሰጠነውም፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ይነሳል። ይውቀጥ! ሙቀጫውን ይያዝ፣ ከሰሉን ያቀጣጥል፣ ለአዛውንቱ ሲኒ ያድርስ፣ ቆሎውን ያዙር። እጁ ሥራ የያዘ ልጅ አፉ ይፈታል። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ «ምን ሆነሃል?» ብትሉት ዝም ይላል፤ ጎን ለጎን ሽንኩርት እየላጠ ግን ሳይጠየቅ ያወራል።

ሲያወራ ምክር አትጫኑበት። ልጁ ስላየው ቪዲዮ ሲነግራችሁ «እነዚህ ባለጌዎች» ብላችሁ ብትጀምሩ ሁለተኛ አይነግራችሁም። «እሺ፣ ከዚያስ?» በሉት። መምከሪያው ሌላ ቀን አለ። በየቀኑ ይሁን አልልም፣ ሰው ሥራ አለው፤ ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ የማይቀር ይሁን፣ ቀኑም ይታወቅ።

መምህር_ኩታበር

እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልን። የወንዱን ልጅ ነገር ያሉት እውነት ነው፤ ለወላጆች ስብሰባ ይዤው እሄዳለሁ።

ወልድያ_ልጅ

ቤት ዋይፋይ ላለን ሰዎችስ? ራውተሩ ላይ የልጁን ስልክ ዘግቼ ነበር የሚሉ ሰዎች «በማግስቱ ገባ» ይላሉ። ለምንድን ነው?

ጥገና_ፒያሳ

የማክ አድራሻው ነው፤ ራውተሩ ስልኩን የሚለይበት ቁጥር ማለት ነው። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ስልክ ወደ ዋይፋይ ሲገባ እውነተኛ አድራሻውን ትቶ የዘፈቀደ አድራሻ ያሳያል። ልጁ ዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ «የስልኩን ማክ ተጠቀም» ሲል አድራሻው ይቀየራል፤ ራውተሩ አዲስ ስልክ የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ አድራሻ መዝጋት አይበቃም።

የሚሻለው እንዲህ ነው። 192.168.1.1 ብላችሁ ግቡ (አንዳንዱ ራውተር ላይ ሌላ ነው፤ ከሥሩ የተለጠፈውን እዩ)፣ የመግቢያውን የይለፍ ቃል መጀመሪያ ቀይሩ፣ የተለጠፈውን ልጁም አንብቦታልና። ከዚያ የእንግዳ ዋይፋይ ክፈቱና ልጆቹ በእሱ ይግቡ፤ የዋናውን ቃል ለውጡ። ማታ የእንግዳውን ብቻ ዝጉ። የጊዜ ሰሌዳ ካለው የሰዓት ቀጠናውን +3 አድርጉ፤ ካልሆነ በተሳሳተ ሰዓት ይዘጋል።

ራውተሩን ለማጥፋት በሶኬት ላይ የሚሰካ ባለ ጥርስ ሰዓት ቆጣሪ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እሱም ይቆማል። 2 ሰዓት ከጠፋ 2 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ 3 ሰዓት ላይ ሊዘጋ የነበረው 5 ሰዓት ላይ ይዘጋል። በየሳምንቱ አስተካክሉት። ዋይፋይ ዘግታችሁ ሲሙ ላይ ጥቅል ካለ ደግሞ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ሁለቱ አብረው ይታዩ።

አማካሪ_ዘደሴ

ሳልረሳው አንድ ከባድ ነገር። በፎቶ የሚያስፈራሩ ሰዎች አሉ፤ ሴት ልጅም ወንድ ልጅም ይጠመዳሉ። ፎቶ ያስልካሉ፣ ከዚያ «ገንዘብ ላክ፣ ካልላክህ ለቤተሰብህ እልካለሁ» ይላሉ። ልጁ የሚደብቀው ድብደባና ስልክ መቀማት ስለሚፈራ ነው። ከመምጣቱ በፊት ንገሩት፦ «እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስብህ ለእኔ ብትነግረኝ ስልክህን አልወስድብህም፣ አልቆጣህም።» ቃላችሁንም ጠብቁ።

ከደረሰ አትክፈሉ፤ የከፈለ ሰው እንደገና ክፈል ይባላል። ወዲያው ስክሪንሾት አንሱ፣ ቴሌግራም ላይ ሌላው ወገን መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላልና። ስሙን ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚ ስሙንና ስልክ ቁጥሩ ከታየ እሱን፣ ገንዘብ ላክበት የተባለውንም ሒሳብ ቁጥር ያዙ። ከዚያ አግዱትና ወደ ፖሊስ ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማስፈራራት በወንጀል ይቀጣል፤ ተጎጂው ሕፃን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ፎቶውን ግን ለዘመድ «እዩት» ብላችሁ አታዙሩት፤ ለፖሊስ ብቻ።

አያ_ባቲ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ረመዳን ላይ የ3 ሰዓቱ ሕግ እንዴት ይሆናል? ተራዊሕ (የማታው ሶላት) አለ፣ ሱሁር (ከንጋት በፊት የሚበላው) አለ፣ ልጆቹ «ለሱሁር ነው» እያሉ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ነቅተው ያድራሉ።

ኡሙ_ሐናን_ጅዳ

አያ፣ ሰዓቱ ይገፋ እንጂ ሕጉ አይነሳ። ከተራዊሕ ሲመለሱ ስልኩ ሳሎን ይገባል፤ በዚያው ይተኛል። ለሱሁር የሚቀሰቅሰው ሰው ይሁን፣ እናት ወይም አያት፣ ስልክ አይሁን። ሱሁር ተበልቶ ፈጅር ተሰግዶ ትምህርት ከሌለ ትንሽ ይተኛል፤ ስልኩን ከዚያ በኋላ ይወስዳል። ሌሊቱ ስለሚከፈል ከዙህር በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢያርፍ ይሞላለታል። ቁርዓን በስልክ የሚቀራ ከሆነ የታተመ ሙስሐፍ ስጡት።

ጥገና_ፒያሳ

ፋሚሊ ሊንክ ላይ ይህን ለመሥራት የመኝታ ሰዓቱን በየዕለቱ ለይታችሁ መሙላት ትችላላችሁ። የወሩን ሰዓት ስትቀይሩ የቀድሞውን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አፑ የድሮውን አያስቀምጥላችሁም። ዒድ ሲያልፍ ልጁ ዳታ ከፍቶ ሳለ ወደ 21፡00 መልሱት።